ያውቁ ኖሯል? ጭልፊትን በላባው መለየት

ቄራ አካባቢ ከላይ እየዞረ ሥጋ የሚመነትፈውን ወፍ ከሌላው ቡናማ ወፍ ሁሉ የሚለየው ጅራቱ ነው። መሃሉ ገባ ብሎ እንደ ባላ ተሰንጥቋል። ለመዞር ሲዘረጋው ግን ስንጥቁ ይጠፋና ጠርዙ ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ እስኪያጥፈው ይታገሡ።

የዚሁ ወፍ ምንቃር ቢጫ ከሆነ አፍሪካ ውስጥ የሚራባ የአገር ልጅ ነው። ጥቁር ከሆነ የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» የተባለው በምክንያት ነው፦ የአገሬው ወፍም ልጅ ሳለ ምንቃሩ ጥቁር ነው።

ደጋ ላይ፣ የስልክ እንጨት ወይም የባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማሳውን የሚቃኘው ቀይ ጅራት ጭልፊት ሁለት መልክ እንዳለውስ ያውቁ ኖሯል? አንዱ ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ነው። ሌላው ከራሱ እስከ ሆዱ ድፍን ጥቁር ነው። ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ወፎች ይመስሉታል፤ ዘራቸው ግን አንድ ነው፣ እርስ በርስም ይጋባሉ። መልኩ አብሮት የሚወለድ እንጂ ዕድሜ የሚያመጣው አይደለም። ጥቁሩ የሚበረክተው እርጥበት በሚበዛበት የደጋ ደን ነው። ሁለቱንም የሚያስማማቸው ከላይ የሸክላ ቀለም ያለው አጭር ጅራት፣ ከታች ደግሞ የክንፉ የመብረሪያ ላባ ነው፦ ነጭ ሆኖ ጠርዙ በጥቁር የተዘመዘመ። ጥቁሩ ወፍ ላይ ይህ ነጭ ይበልጥ ደምቆ ይታያል። ወጣቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጅራቱ ቀይ ሳይሆን ቀጫጭን መስመር ያለበት ቡናማ ነው። ቀይ ጅራት ካዩ ጨርሰዋል፤ ካላዩ ግን ገና አልጨረሱም።

ይህን ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1836፤ ለገለጻው መነሻ የሆነውም የእኛው አገር ወፍ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ጫጩት ሌባ ነው ተብሎ ድንጋይ ይወረወርበታል እንጂ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ገበሬ ቢያውቅለት ደመወዝ ይቆርጥለት ነበር።

ጉሮሮው ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ቁልቁል የወረደበት ትንሽ ግራጫ ጭልፊት ካዩ እንሽላሊት አዳኙ ነው። ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ሣር ውስጥ የሚያፈጠው ነጭና ግራጫ ወፍ ትከሻው ላይ ጥቁር አለው። ዓይኑ ደም የመሰለ ቀይ ነው።

ባተለር የሚባለው ንስር ጅራቱ ከማጠሩ የተነሣ ሲበር እግሩ ከጅራቱ አልፎ ይታያል። ከዚህ የሚገርመው፣ ወንዱንና ሴቷን ከመሬት ሆነው መለየት መቻልዎ ነው። አብዛኞቹ አዳኝ ወፎች ላይ ይህ አይሞከርም፤ ያለው ፍንጭ ሴቷ በአካል መተለቋ ነው፣ ብቻዋን ስትበር ግን በምን ይለካል? ባተለር ላይ የክንፉን የኋላ ጠርዝ ከሥር ይመልከቱ፦ ጥቁሩ ሰፊ ከሆነ ወንድ፣ ቀጭን ክር ከሆነ ሴት። አዋሽ ፓርክ የሚሄድ ሰው ይሞክረው። ልጆቹ ግን ድፍን ቡናማ ናቸው፣ ጅራታቸውም ረዘም ይላል፤ የወላጆቻቸውን መልክ ለመያዝ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ከጥቅምት ጀምሮ ከእስያ ሜዳዎች የሚመጣው ንስር ከአገሬው ቡናማ ንስር ጋር ሲቀመጥ ላባው ምንም አይረዳዎትም። የአፉን ዳር ይዩ! ቢጫው የከንፈር መስመር ከዓይኑ በስተኋላ ካለፈ እንግዳው ነው፤ ዓይኑ መሃል ላይ ካቆመ የአገሬው ነው። እየበረረ ከሆነ ግን ሌላ ዘዴ አለ፦ የእንግዳው ልጅ ከክንፉ ሥር ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ሰፊ ነጭ መቀነት አለው።

ጭልፊት ባይሆንም ሳይነሣ የማያልፍ አለ፤ በስሜን ተራሮች አጥንት ከሰማይ እየጣለ ድንጋይ ላይ የሚፈረክሰው ጢማሙ አሞራ። ደረቱ ላይ የሚያዩት የዝገት ቀለም ቀለሙ አይደለም። ላባው ከሥሩ ነጭ ነው፤ ብረት ባለው ቀይ ጭቃና ውሃ ራሱን እየነከረ ነው የሚያቀላው። እንዲህ ያለ ጭቃ በማያገኝበት ቦታ በሰው እጅ የሚኖረው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ለምን እንደሚቀባ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እርስዎ በቀለም አይያዙት፤ ረጅምና ወደ ጫፉ የሾለ ጅራቱ አይዋሽም።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት በደጋው ሣር ላይ ዝቅ ብለው የሚያንዣብቡ ሁለት ቀጫጭን እንግዶች አሉ። ወንዶቹ ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም ግራጫ ናቸው፣ ግን አንደኛው ክንፉ ላይ በቁመቱ ጥቁር መስመር አለው፣ ሌላው የለውም። ሴቶቹ ናቸው አስቸጋሪዎቹ፤ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ከጅራታቸው በላይ ነጭ። አንገቷን ዞሮ የሚታይ ፈዛዛ አንገትጌ ካላት መስመር የሌለው ወፍ ሚስት መሆኗ ያመዝናል። እሱም ካልታየ ማስታወሻዎ ላይ «ከሁለቱ አንዷ» ብለው ይጻፉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ወፍ ሲያዩ የኖሩትም የሚጽፉት እንዲያ ነው።