በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውንና የሚቀዳውን ድምፅ ስለ ማስማማት

ጊታር ወይም ማሲንቆ በዲጂታል መሣሪያ የሚቀዳ ሰው ሁሉ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ሲጫወት በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ያማረና የተሟላ ነው፤ የተቀዳውን መልሶ ሲሰማው ግን ወይ ይሳሳል፣ ወይ ይሻክራል፣ ወይ ይታፈናል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ይወቅሳሉ፤ ወይም ቁልፎቹን ያለ ሥርዓት ማዞር ይጀምራሉ። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያቶች በየተራ ከመረመርን በኋላ ሁለቱ ድምፆች የሚስማሙበትን መንገድ እንገልጻለን።

ምሳሌያችንን የምንወስደው ከወሎ፣ በተለይም ከላስታና ከላሊበላ ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች መካከል አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። የላሊበላ የጥንት ስም የሆነው ሮሃም የአንድ ታዋቂ ዘመናዊ ባንድ መጠሪያ ሆኖ ነበር። ሮሃ ባንድ የተገኘው ከአይቤክስ ባንድ ነው፤ አይቤክስም እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድን በ«ኧረ መላ መላ» ያጀበው ባንድ ነው። እንግዲህ ማሲንቆውም ኤሌክትሪክ ጊታሩም ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደሉም።

በቀድሞው አሠራር ጊታሩ ከአምፕሊፋየር ጋር ይያያዛል፤ የአምፕሊፋየሩ ስፒከር አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ ተጫዋቹም ከስፒከሩ ፊት የተተከለው ማይክሮፎንም ከዚያው አየር ይካፈላሉ። የሚሰሙት ፍጹም አንድ ባይሆንም ምንጩ አንድ ነበር። ዛሬ ግን የአምፕሊፋየርን ጠባይ በስሌት የሚያስመስሉ፣ ባለሙያዎች ሞዴለር የሚሏቸው መሣሪያዎች ተስፋፍተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ስሙ በሰፊው የታወቀው የላይን ሲክስ ኩባንያ «ፖድ» እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። በሞዴለር የክሩ ንዝረት ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩም እንደ አምፕሊፋየር፣ እንደ ስፒከር ሣጥን፣ እንደ ማይክሮፎንና እንደ ክፍል ማስተጋባት እየተሰላ ያልፋል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለተኛው በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ለመረዳት ላሊበላን እናስብ። በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ተፈልፍሎ በወረደው ግቢ ውስጥ ሆኖ ከበሮ የሚሰማ ሰውና ከላይ ከዐለቱ ዳር ቆሞ የሚሰማ ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰሙም። ታችኛው ከዐለቱ ግድግዳ የሚመለሰውን ጭምር ይሰማል፤ ላይኛው ግን ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ያገኛል። ከበሮው ግን አንድ ነው። ላይኛው ሰው ድምፁ ቀጠነብኝ ብሎ ከበሮው እንደ ገና ይወጠር ቢል ይሳሳታል። በሞዴለርም እንዲሁ፣ ከመለወጣችን በፊት ልዩነቱ የመጣው ከምንጩ ነው ወይስ መንገዱ ከተከፈለ በኋላ ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የመጀመሪያው ምክንያት የስፒከር አምሳያው በአንደኛው መንገድ ላይ ሲኖር በሌላው ላይ አለመኖሩ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል፤ የተለመደው ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ግን ከ5,000 ገደማ በላይ ያለውን በብርቱ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ጊታር ለስላሳ ሆኖ የሚሰማን ከዚህ የተነሣ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች አምሳያው ለማዳመጫው ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ በሌሎቹም ከዩኤስቢ መሥመሮች አንዱ ምንም ያልነካውን ጥሬ ድምፅ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። ቀጂው ሳያውቅ ይህን መሥመር ከመረጠ የተቀዳው ሻካራ ወይም ሕይወት የሌለው መስሎ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አንድን ድምፅ ሁለት ጊዜ መስማት ነው። ተጫዋቹ ድምፁን በቀጥታ ከሞዴለሩ እየሰማ፣ ያው ድምፅ በኮምፒውተሩ ዞሮ ጥቂት ዘግይቶ ወደ ማዳመጫው ይመለስ ይሆናል። መዘግየቱ 5 ሚሊሴኮንድ ቢሆን፣ ሁለቱም በእኩል ኃይል ሲሰሙ፣ በሴኮንድ 100፣ 300፣ 500 ጊዜ የሚነዝሩት ድምፆች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ 200ና 400 የሚነዝሩት ግን ይበረታሉ። ድምፁ የወፈረና የሰፋ ይመስላል፤ ይህ ውፍረት ግን በፋይሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ መልሶ ሲሰማው የጎደለ ይመስለዋል።

ሦስተኛው የጆሮ ጠባይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አድክሞ ይሰማል። ማዳመጫውን አስጩኾ ቃናውን ያስተካከለ ሰው የተቀዳውን ቀስ አድርጎ ሲሰማው ቀጥኖ ያገኘዋል። በሌሊት ሰው እንዳይረበሽ ዝግ አድርጎ ያስተካከለው ደግሞ ወፍራሙን ያለ ልክ ይጨምራል፤ በማግሥቱ በትልቅ ስፒከር ሲሰማ ያጓራል። ከዚህም ሌላ ከሁለት እኩል ድምፆች በጥቂቱ ከፍ ያለው የተሻለ መስሎ ይሰማል። መጠናቸው እኩል ያልሆነ ድምፆችን ማወዳደር እንግዲህ ፍርድን ያዛባል።

አራተኛው ማዳመጫው ራሱ ነው። አንዱ ማዳመጫ ወፍራሙን፣ ሌላው ቀጭኑን ያጎላል። በማዳመጫ የግራው ድምፅ ለግራ ጆሮ ብቻ ይደርሳል፤ በክፍል ውስጥ ግን ሁለቱም ጆሮዎች ሁለቱንም ስፒከሮች ይሰማሉ፣ ግድግዳውም የራሱን ይጨምራል። በማዳመጫ ሰፊ የነበረው ማስተጋባት በአንድ ስፒከር ብቻ በሚናገር ስልክ ሲሰማ የሚጠበው ለዚህ ነው።

አምስተኛው የቁጥሩ ፍጥነት ነው። በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ የተቀዳ ድምፅ በ48,000 ፍጥነት ቢከፈት አንድ ከግማሽ ሰሚቶን ያህል ከፍ ይላል፣ ጨዋታውም ይፈጥናል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ቅኝቱ ያው ነው፤ ነገር ግን የዘፋኙ ድምፅና የመሣሪያው መነሻ ከእውነቱ ይርቃሉ።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አስቀድሞ በማዳመጫው መውጫ ላይ ብቻ የሚሠሩ የቃና ማስተካከያዎች ካሉ ወደ ዜሮ ይመለሱ። ቀጥሎም ከሁለቱ የመስሚያ መንገዶች አንዱ ይዘጋ፤ በቀጥታ ከሞዴለሩ መስማት መዘግየት ስለሚያንስበት ይመረጣል። ከዚያ ከፍተኛው ድምፅ ከዲጂታሉ ጣሪያ ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ያህል መቅዳት ነው። ጣሪያውን የነካ ድምፅ ይቆረጣልና።

አሁን ዋናው ፈተና ይመጣል። የተቀዳው ድምፅ በዚያው ሞዴለር፣ በዚያው የማዳመጫ ቀዳዳ፣ በዚያው ማዳመጫ ተመልሶ ይሰማ። ሲመለስ በአምሳያው አምፕሊፋየር ዳግመኛ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጠኑም በቀጥታ ከሚሰማው ጋር እኩል ይደረግ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ቀረጻው ደኅና ነው፤ ቀድሞ የነበረው ልዩነት የአሰማም ልዩነት ነበርና ፋይሉን መንካት አያስፈልግም። አንድ ካልሆኑ ግን ስሕተቱ መንገዱ ከተከፈለበት ቦታ በኋላ ነውና የዩኤስቢው መሥመር፣ የስፒከር አምሳያውና የቁጥሩ ፍጥነት በየተራ ይመርመሩ። ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው በክፍል ስፒከር፣ በስልክና በመኪና እየሰሙ ቃናውን በመጠኑ ማረም የሚገባው።

ስለ ማሲንቆ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር፣ ቆዳ በተወጠረበት ሣጥንና በደጋን የሚነገር መሣሪያ ነው። ፒካፕ ተለጥፎበት በጊታር ሞዴለር ቢቀዳ፣ ለጊታር የታሰበው የስፒከር አምሳያ ደጋኑ አውታሩን ሲያሽ የሚሰጠውን የላይኛውን ሽክርታ ይላጨዋል። በማዳመጫ ሲሰማ ለስላሳ ስለሚሆን ቀጂው ይደሰት ይሆናል፤ የላስታ አዝማሪ በጠጅ ቤት ሲጫወት የሚሰማው ድምፅ ግን ያ አይደለም። ስለዚህ ለማሲንቆ ይህ አምሳያ ይዘጋ፤ ቢቻልም ከፒካፑ ጎን ማይክሮፎን ይተከል።

ይህ ጉዳይ ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ ያለፈ መሆኑን ተማሪ ጓደኞቻችን እንዲያስተውሉት እንወዳለን። ከእኛ ብዙዎቹ በዕረፍት ወራት ወደ አገር ቤት ስንመለስ የአረጋውያንን ጨዋታ መቅዳት እንፈልጋለን። አዛውንቱ አዝማሪ ያንን ዜማ በዚያ ቀን በዚያ መንፈስ ደግመው አይጫወቱትም። ማዳመጫችንን ለማስደሰት ብለን ፋይሉን ብናጣምም የምናጣምመው ምስክርነቱን ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው የእኛን ማዳመጫም ሆነ የእኛን ክፍል አያገኝም፤ የሚደርሰው ፋይሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ያልነካውን ጥሬ ድምፅ በተለየ መሥመር አብሮ መቅዳት፣ የመሣሪያውን አቋቋምና የቁጥሩን ፍጥነትም ከቀኑና ከቦታው ጋር በወረቀት ጽፎ ማኖር ይገባል። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ በቃና ረገድ የፈረድነው ፍርድ ቢሳሳት እንኳ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሊያርመው ይችላል።