ካርቱምና እንግዶቿ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ የጎጃምን ምድር ዞሮ፣ ቆላውንና በረሓውን አቋርጦ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ በዐረብኛ አል ሞግራን ይባላል፤ ትርጓሜውም መገናኛ ማለት ነው። በዚህ መገናኛ ዙሪያ ሦስት ከተሞች ተሠርተዋል። ካርቱም በሁለቱ ወንዞች መካከል፣ ባሕሪ የምትባለው ሰሜን ካርቱም ከዓባይ ማዶ፣ ኦምዱርማን ደግሞ ከነጭ ዓባይ ማዶ በስተ ምዕራብ ይገኛሉ። ሦስቱም በድልድይ የተያያዙ ስለ ሆኑ ለእንግዳ ሰው እንደ አንድ ከተማ ይቈጠራሉ።

ስለ አገር ጎብኝዎች በተነሣ ቍጥር የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። እንግዳው በአሸዋ ላይ የሚያርፍበት፣ የሚዋኝበትና በጀልባ የሚንሸራሸርበት ስፍራ ካለ፣ ባለሆቴሉም ነጋዴውም መንግሥቱም ይጠቀማሉ፤ የታይላንድ የባሕር ዳርቻዎች በዚህ ሥራ ዓለም ያወቃቸው ናቸው። ካርቱም ግን ከፖርት ሱዳን ወደብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች የበረሓ ከተማ ናት። ይህም ሆኖ፣ ጦርነት በ2023 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) እስከ ተነሣባት ቀን ድረስ፣ ወንዞቿን በባሕር ፈንታ አድርጋ እንግዶቿን ስታስተናግድ ኖራለች። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ለእንግዳ ታስቦ የተሠራው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። እንግዳው ሊያይ የሚመጣው ሕዝቡ ለራሱ ደስታ የሚያደርገውን ነበር።

የወንዞቹ መገናኛ እንደ ወራቱ መልኩን ይለዋውጥ ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይመጣና፣ በኀይሉ ነጭ ዓባይን ገፍቶ ያቆመው ነበር። ውሃው በጐደለ ጊዜ ግን ሁለቱ ቀለማት ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲፈሱ ይታያሉ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የውሃው አወራረድ በግድቡ የሚመጠን ሆኗል። ሱዳኖች ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ወንዝ «አዝረቅ» ይሉታል። አውሮፓውያን ይህን ቃል ሰማያዊ ብለው ተርጕመውታል፤ ነገር ግን በሱዳን አነጋገር አዝረቅ ጥቁርም ማለት ስለ ሆነ፣ ጥቁር ዓባይ የሚለው የአማርኛ ስም ከአውሮፓውያኑ ትርጕም ይልቅ ለሱዳኖቹ አሳብ የቀረበ ይመስላል።

ይህን መገናኛ ለማየት ከሁሉ የሚመቸው ስፍራ እንግሊዞች በነጭ ዓባይ ላይ የሠሩት የብረት ድልድይ ነበር። ሆኖም በድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነበር፤ ዘበኛውም ቸል የሚል አልነበረም። እንግዳ ሁሉ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ በፖሊስ ዘንድ መመዝገብና ለፎቶግራፍ መሣሪያው የተለየ ፈቃድ ማውጣት ይገባው ነበር። መንግሥት ከዚህ ወረቀት ያገኘው ገቢ፣ በወረቀቱ ተሰላችተው ጕዞአቸውን ካሳጠሩት እንግዶች ኪስ ሊገኝ ከሚችለው ይበልጥ እንደ ሆነ ማንም ያሰላው አይመስልም።

በዓባይ ዳር በሚሄደው ጎዳና ላይ ዛፎቹ ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ጀልባዎቹም ከዚያው በሰዓት ይከራዩ ነበር። የዚህ ዳርቻ ልዩ ነገር የጥቁር ዓባይ የጀልባ ክበብ ነው። የክበቡ ቤት መሊክ የተባለች የጦር መርከብ ነበረች፤ መሊክ በዐረብኛ ንጉሥ ማለት ነው። መርከቢቱ በ1896 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ ወደ ሱዳን መጣችና እንደ ገና ተገጣጥማ፣ በመስከረም 2 ቀን 1898 ዓ.ም. በኦምዱርማን አጠገብ በከረሪ በተደረገው ጦርነት መድፏን ተኵሳለች። በዚያ አንድ ቀን ከኸሊፋው ሠራዊት ዐሥር ሺህ ያህል ሰው ወድቋል። ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ይህች መርከብ ባለ ሸራ ጀልባ የሚወዳደሩ ሰዎች ሻይ የሚጠጡባት ቤት ሆነች። ከአውሮፓ ተነሥተው አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞችም በክበቡ ግቢ ድንኳናቸውን ይተክሉ ነበር።

ከዚያው ጎዳና ላይ ያለው ግራንድ ሆቴል በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ የተሠራ ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን ሆቴሉን የሚያስታውሰው በየካቲት 1957 ዓ.ም. የተደረገው የእግር ኳስ ነገር ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም የተመሠረተው፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የተደረገው በዚያ ወር ነበር። ሊወዳደሩ የታሰቡት አራት አገሮች ናቸው፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የደቡብ አፍሪካ ሹሞች ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አናሰልፍም ስላሉ ከውድድሩ ተለዩ፤ በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰች። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1፣ በመጨረሻውም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለው ተጫዋች ነው። ኢትዮጵያ ብድሯን የመለሰችው በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 ዓ.ም. እስከ ዐረፉበት እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሱዳንም በ1970 ዓ.ም. በገዛ ከተማዋ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች።

እግር ኳስ በሦስቱ ከተሞች ከማናቸውም ጨዋታ ይልቅ የተወደደ ነው። ሂላልና መሪኽ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ ክበቦች የኦምዱርማን ናቸው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቀን የገበያው ነገር ሁሉ ይረሳ ነበር። እንግዳ ሰው ትኬቱን ከመግዛቱ በፊት የማን ደጋፊ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ መልሱንም አስቦ መስጠት ይገባዋል።

ለእንግዳ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚሻለው ዓርብ ነበር። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስትበርድ በባሕሪ በኩል በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የኑባ ትግል ይደረጋል። ታጋዮቹ ከደቡብ ኮርዶፋን ከኑባ ተራሮች የመጡ ጐበዞች ወይም ልጆቻቸው ናቸው። አቧራ በእጃቸው ዘግነው ይቀባሉ፤ ጐንበስ ብለው ይተያያሉ፤ ከዚያም አንዱ ሌላውን በጀርባው ሲጥለው ነገሩ አበቃ። ተመልካቹ ወደ ሜዳው ገብቶ ለአሸናፊው ገንዘብ ይሸልማል። ከሩቅ አገር መጥቶ ይህን ያየ ሰው፣ ለጎብኝ ተብሎ የተለማመዱት ትርኢት እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ወደ ከተማው በመንግሥት ሥራ ወይም በጦርነት ምክንያት ተሰደው የመጡ ሰዎች የአገራቸውን ወግ የሚያድሱበት ነውና።

በዚያው ሰዓት በኦምዱርማን በሼኽ ሐመድ አል ኒል መቃብር አጠገብ የቃዲሪያ ሥርዐት ተከታዮች አረንጓዴና ቀይ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ የፈጣሪን ስም እያነሡ ይዞራሉ። አቧራው ይነሣል፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ለጸሎት ይቆማል። እንግዳ መመልከት አይከለከልም ነበር፤ ሻይም ይቀርብለታል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው በኦምዱርማን የሚያየው ነገር ግን ከሌላው እንግዳ ይለያል። ሌሎቹ የመሕዲን መቃብር ጕልላት (እንግሊዞች በ1898 ዓ.ም. በመድፍ አፍርሰውት በ1947 ዓ.ም. እንደ ገና የተሠራውን) እና በ1928 ዓ.ም. ቤተ መዘክር የሆነውን የኸሊፋ ዐብዱላሂን ቤት እንደ አሮጌ ሕንፃ አይተው ያልፋሉ። ደርቡሾች ጎንደርን በ1888 ዓ.ም. ማቃጠላቸውን፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በመተማ መውደቃቸውን፣ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደዚህች ከተማ መወሰዱን የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ደጃፍ ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም። በዚሁ አገር ደግሞ አፄ ኀይለ ሥላሴ በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ደርሰው፣ ወራት ከቆዩ በኋላ በጥር 1941 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተዋል። ጕርብትና እንዲህ ነው።

ከከተማው ወጣ ለማለት ለሚፈልግም ስፍራ አይታጣም ነበር። በስተ ደቡብ በነጭ ዓባይ ላይ በ1937 ዓ.ም. የተፈጸመው የጀበል አውሊያ ግድብ ለአሣ አጥማጆችና ወፎችን ለሚመለከቱ ይመቻል። በስተ ሰሜን ስድስተኛው የዓባይ ፏፏቴ የሚገኝበት የሰበሎቃ ገደል አለ። በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ዩኔስኮ በ2011 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባቸው የመርዌ ፒራሚዶች ይገኛሉ፤ የአክሱሙ ንጉሥ ኤዛና በአራተኛው ምዕት ዓመት በዚያ አገር ላይ መዝመቱን በድንጋይ አስቀርጿል።

ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ከ1997 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ ምክንያት የባንክ ካርድ በካርቱም አይሠራም ነበር፤ እንግዳው የሚያስፈልገውን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ይዞ ይመጣ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መጠጥ ከተከለከለ በኋላም የሆቴሎቹ ትርፍ ቀንሷል። ስለዚህ ገንዘቡ ይበተን የነበረው በጀልባ ነጂው፣ በባለ ታክሲው፣ በሞረዳ የተጠበሰ አሣ በሚሸጡት፣ በየዛፉ ሥር ሻይና ከርከዴ በሚያፈሉት ሴቶች እጅ ነው። ሱዳኖች ቡናቸውን በዝንጅብል አፍልተው የሚያቀርቡበትን ዕቃ ጀበና ይሉታል፤ ዴም በሚባለው ሰፈር ደግሞ የሐበሾቹ ጀበና ከሱዳኖቹ ጀበና ጋር ጎረቤት ነበር።

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኀይል መካከል ጦርነቱ በዚችው ከተማ ተጀመረ። ሕዝቡ ተሰደደ፤ ታጋዩም ሻይ አፍይዋም ጀልባ ነጂውም ሄዱ። ሂላልና መሪኽ በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ሲጫወቱ ቆዩ። ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን በመጋቢት 2025 ዓ.ም. ሲያስመልስ ሕንፃው ተቃጥሎ ተገኘ፤ ነዋሪዎቹም ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመሩ።

የጀልባ ውድድር፣ ትግልና ኳስ ሰው ሲመለስ አብረው ሊመለሱ ይችላሉ። በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነገር ግን እንዲህ አይደለም። የአስዋን ግድብ ውሃ ሊያሰጥማቸው የነበሩት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው መጥተው በግቢው ተተክለው ነበር፤ ከፈረስ ካቴድራል ግድግዳ የተነሡት የኖብያ ክርስቲያኖች ሥዕሎችም በዚያ ይታዩ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ቤተ መዘክሩ ተዘረፈ። በስፍራቸው የተገኙት ከክብደታቸው የተነሣ ሊወሰዱ ያልቻሉ ታላላቅ ሐውልቶች ናቸው። የጠፋው በኪስና በከረጢት የሚገባው ነው፤ የኩሽ ነገሥታት ወርቅ፣ ጨሌ፣ ከመቃብር የወጡ ትናንሽ ምስሎች፣ ቀለም የተቀባ የሸክላ ዕቃ። ዩኔስኮ በመስከረም 2024 ዓ.ም. የሱዳንን ቅርስ ማንም እንዳይገዛና እንዳያሻግር ለሕዝብና ለቅርስ ነጋዴዎች ጥሪ አድርጓል። ሱዳንን የሚያዋስኑት ድንበሮች ብዙ ናቸው፤ በቀይ ባሕር በኩልም ወደቦች አሉ። በእነዚህ ኬላዎች ዕቃ የሚፈትሹ ሹሞችና አሮጌ ዕቃ የሚቀርብላቸው ነጋዴዎች፣ ከመርዌ ምድር የወጣ ወርቅ ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።