ሳይሠራ የሚሞከር ሥራ
የጋራ ዲዛይን ሶፍትዌር እንዴት ይሠራል? ዲዛይነሮችን ምን ሰጣቸው? ምንስ ወሰደባቸው?

በ1990ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄፍ ሃውኪንስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሸሚዝ ኪስ የምትገባ የእንጨት ቁራጭ ይዞ ይዞር ነበር። ሰው ቀጠሮ ሲጠይቀው እንጨቷን አውጥቶ፣ ከቾፕስቲክ ቆርጦ ባበጃት ብዕር ጫር ጫር ያደርግባታል። እንጨቷ ኮምፒውተር ብትሆን ምን እንደሚነካ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነካ፣ ኪሱን ትከብደው እንደሆነ በዚህ መንገድ ይፈትሽ ነበር። በ1996 ፓልም ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒውተር ለገበያ ሲቀርብ የዚያ ሙከራ ውጤት ነበር። እንጨቷ ዛሬ በካሊፎርኒያ፣ በማውንቴን ቪው ከተማ፣ በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጣለች።

እንዲህ ያለው የሙከራ ዕቃ ፕሮቶታይፕ ይባላል። ጥቅሙን አባቶች በሁለት ቃል ጨርሰውታል፦ ሳይቃጠል በቅጠል። እንጨት ላይ የታየ ጉድለት በቢላዋ ይታረማል። ፋብሪካ ከገባ በኋላ የታየ ጉድለት ግን ገንዘብም ወራትም ያስከፍላል።

የዛሬዎቹ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ፕሮቶታይፕ እንጨት አይደለም። በብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው በርሊን ወይም ዋሽንግተን ሆነው በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ፋይል ነው። በዚህ ረገድ በይበልጥ የሚታወቀው ሶፍትዌር ፊግማ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ንድፍ ላይ ሲረባረብ በማሽኖቹ መካከል የሚነሳውን ግጭት ሶፍትዌሩ በብልሃት ፈትቶታል። በሰዎቹ መካከል የሚነሳው ግን ገና ለሰዎቹ የተተወ ነው።

የማይሠራ፣ ግን የሚሠራ የሚመስል

ዲዛይነሩ እያንዳንዱን የስልክ ስክሪን ለየብቻ ይስላል። ከዚያ ከአንዱ ስክሪን ቁልፍ ወደ ሌላው ስክሪን መስመር ይስባል፤ መስመሩ «ይህ ሲነካ ወደዚያ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ይይዛል። ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያን እናስብ። ተጠቃሚው መጠኑን ይመርጣል፣ «ላክ» የሚለውን ይነካል፣ «ተልኳል» የሚል ስክሪን ይመጣለታል። ከጀርባው ባንክ የለም፣ ኮድ የለም፣ አንዲት ሳንቲምም አልተንቀሳቀሰችም። ሰውዬው ግን የት እንደተደናገረና የትኛውን ቃል እንዳልተረዳ በግልጽ ይታያል።

ይህ ዘዴ የቆየ ነው። በ1983 በታተመ ጥናት የአይቢኤም ተመራማሪዎች ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ማሽን ሰዎች ይወዱት እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ማሽኑ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ስለዚህ በሌላ ክፍል አንዲት ጸሐፊ አስቀምጠው የሚባለውን እንድትተይብ አደረጉ። ተናጋሪው ከማሽን ጋር እንደሚሠራ ሆኖ ተፈተነ፤ እነሱም ያልተሠራ ቴክኖሎጂ ላይ እውነተኛ ውጤት አገኙ።

ሆኖም የማይሠራ ነገር የራሱ ማታለያ አለው። በሰውና በኮምፒውተር ግንኙነት ጥናት ሦስት የጊዜ ወሰኖች ይጠቀሳሉ። መልሱ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ወዲያውኑ የመጣ ይመስላል። እስከ 1 ሰከንድ ከቆየ መዘግየቱ ቢታወቅም ሐሳብ አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ የተጠቃሚው ቀልብ ይሄዳል። ፕሮቶታይፕ ከሩቅ ሰርቨር መልስ ስለማይጠብቅ ሁልጊዜ ቶሎ ይመልሳል፤ እውነተኛው መተግበሪያ ግን ኔትወርክ ሲደክም ይጎተታል። ልምድ ያላቸው ዲዛይነሮች ለዚህ ሲሉ ሆን ብለው የመጠበቂያ ስክሪን ያስገባሉ፤ ሰው ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚቻለው ያኔ ነው።

ከፋይል ምልልስ ወደ አንድ ሰሌዳ

በ2010 የወጣው ስኬች በዲዛይነሮች ዘንድ በፍጥነት ተወደደ፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው በማክ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። በ2011 የተመሠረተው ኢንቪዥን ደግሞ የተሳሉትን ስክሪኖች ተቀብሎ በንክኪ ያገናኛቸው ነበር። በአንዱ ይሳላል፣ ወደ ሌላው ይጫናል፣ አስተያየት ይመጣል፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ ምልልስ መሐል «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ይፈለፈላሉ፤ ፕሮግራመሩም የትኛውን እንደሚሠራ ግራ ይገባዋል።

በ2012 ዲላን ፊልድና ኢቫን ዋላስ የተባሉ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ፊግማን መሠረቱ። መነሻቸው ዌብጂኤል ነበር፤ ብሮውዘር የኮምፒውተሩን የምስል ማቀነባበሪያ በቀጥታ እንዲያዝ የሚያስችል ቴክኖሎጂ ነው። ከባድ ሥዕል በብሮውዘር ውስጥ መሳል ከተቻለ ፋይሉ በማንም ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አያስፈልገውም፤ ሰርቨር ላይ ይቀመጥና ሰው ሁሉ በሊንክ ይገባበታል። ሶፍትዌሩ በመስከረም 2016 ለሕዝብ ሲከፈት የብዙ ሰው የአንድ ጊዜ ሥራን ይዞ ነበር። በ2017 በብሮውዘር ውስጥ ፕሮግራምን በፍጥነት ወደሚያስኬደው ወደ ዌብአሴምብሊ ሲዛወር ደግሞ ፋይል የመክፈት ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ጨመረ።

ሐሳቡ ራሱ ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ዳግላስ ኤንግልባርት በታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ በሜንሎ ፓርክ ቤተ ሙከራ ከተቀመጠ ባልደረባው ጋር በአንድ የጋራ ስክሪን ላይ ሲሠራ ለታዳሚ አሳይቷል።

ሁለት እጅ አንድ ነገር ሲነካ

ሁለት ዲዛይነሮች በተመሳሳይ ቅጽበት አንዱን ቁልፍ ይዘዋል እንበል። አንዷ ቀለሙን አረንጓዴ ታደርጋለች፤ ሌላው ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ለውጦቹ በበይነመረብ ተጉዘው ሰርቨር የሚደርሱት በተለያየ ሰዓት ነው። ሁለቱም በመጨረሻ አንድ ዓይነት ስክሪን ማየታቸው በምን ይረጋገጣል?

የኮምፒውተር ሳይንስ ለዚህ ሁለት ዝነኛ መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው በ1989 ተመራማሪዎቹ ኤሊስና ጊብስ ያቀረቡት ነው፤ የአንዱን ትእዛዝ ከሌላው ጋር እንዲስማማ አስልቶ ይለውጠዋል። ጉግል ዶክስ የዚህ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው በ2011 ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ስም የሰጡት ነው፤ መረጃውን ከመነሻው በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢዋሃድ አንድ ውጤት በሚሰጥ መልክ ያደራጀዋል።

ፊግማ ከሁለተኛው ሐሳብ ተበድሮ አቃለለው። እያንዳንዱ ቅርጽ የባሕርያት ዝርዝር ነው፦ ቀለም፣ ስፋት፣ ቦታ፣ ጽሑፍ። ሁለት ሰዎች የተለያዩ ባሕርያትን ከነኩ ግጭት የለም፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ቁልፉ አረንጓዴም ይሆናል፣ ወደ ቀኝም ይሄዳል። አንዱን ባሕርይ ከነኩ ግን ሰርቨሩ ዘንድ ዘግይቶ የደረሰው ያሸንፋል።

የዚህ ዋጋ በጽሑፍ ላይ ይታያል። ኩባንያው በ2019 ባወጣው ማብራሪያ መሠረት አንድ የጽሑፍ ሳጥን «ለ» ቢል፣ አንዱ ሰው «ሀለ» ሌላው በዚያው ቅጽበት «ለሐ» ቢያደርጉት፣ ውጤቱ ከሁለቱ አንዱ ይሆናል እንጂ «ሀለሐ» አይሆንም። ረጅም ጽሑፍ በጋራ ለሚጽፍ ሰው ይህ የሚያበሳጭ ነው። ስክሪን ለሚስል ግን ሁለት ሰው አንድን ቃል በአንድ ቅጽበት የሚነካበት አጋጣሚ ስለማይበዛ መሐንዲሶቹ ቀላሉን መርጠዋል።

በንድፉ ላይ የሚደራረቡት ሌየሮች (ንብርብሮች) ቅደም ተከተልም የራሱ ዘዴ አለው። እያንዳንዱ ሌየር በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። በ0.3 እና በ0.4 መካከል አዲስ ለማስገባት 0.35 ብሎ መሰየም ይበቃል፤ የሌሎቹን ቁጥር መንካት አያስፈልግም።

ኢንተርኔት በየሰዓቱ በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ግንኙነት ሲቋረጥ በተከፈተው ፋይል ላይ መሥራት ይቻላል። መስመሩ ሲመለስ ሶፍትዌሩ አዲሱን ቅጂ ያወርድና ከመስመር ውጭ የተሠራውን በላዩ ላይ ይጭናል። ስለዚህ ጠዋት መስመር የጠፋበት ዲዛይነር ቀትር ላይ ሲመለስ፣ ባልደረባው በዚያው ባሕርይ ላይ የሠራውን ሳያውቅ ሊሽረው ይችላል። መስመር ከተቋረጠ አዲስ ስክሪን ላይ መሥራት፣ የጋራውን አለመንካት ይሻላል።

የሚታይ እጅ

ቴክኒኩ እንዲህ ከተፈታ ዲዛይነሮች ለምን አጉረመረሙ? ፊግማ ሲመጣ ይህ የሙያው የወደፊት መንገድ ከሆነ ሥራ እቀይራለሁ ያለ ሰው ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በጋራ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ቀስት ስሙን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ግማሽ ሐሳብ ላይ ያለ ዲዛይነር ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አጠገቡ ሲቆም ያየዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንትስ በ1965 ያስተዋለው ይህን ያብራራል፦ ሰው ሲያየን የለመድነውን ሥራ በተሻለ እንሠራለን፣ አዲስና ከባድ የሆነውን ግን እናበላሻለን። በ1969 ያንኑ በበረሮ አሳይቷል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ተመልካች በረሮዎች ሲኖሩ ሯጩ ፈጠነ፣ በተወሳሰበ መንገድ ላይ ግን ዘገየ። አዲስ ሐሳብ መፈለግ የተወሳሰበው መንገድ ነው። ቁልፎችን በመስመር ማስተካከል ቀጥተኛው ነው። አንድ ሶፍትዌር ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያስኬዳል።

ሁለተኛው ችግር የንድፉ ማማር ነው። በሶፍትዌሩ ዝግጁ ቁልፎችና ቀለሞች ስላሉ ግማሽ ሰዓት የተሠራበት ሥራ ያለቀለት ይመስላል። በእርሳስ የተጫረ ንድፍ ያየ ሰው «ይህ ስክሪን ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተዋበውን ያየ ሰው «ሰማያዊው ትንሽ ቢደምቅ» ይላል። በዚህ ላይ ተመራማሪዋ ቶሂዲና ባልደረቦቿ በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች አንድ ንድፍ ብቻ ሲታያቸው ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ያው ንድፍ ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲቀርብ ግን ነጥቡ ይወርዳል፣ ትችቱም ይበረታል። እንግዳ የሠራውን ፊት ለፊት መንቀፍ ይሉኝታ ይይዛል፤ አማራጭ ሲኖር ነቀፌታው ወደ ማወዳደር ይለወጣል። ይሉኝታ ለሚበዛብን ለእኛ ይህ ምክር እጥፍ ይጠቅማል።

ስቲቨን ዳውና የስታንፎርድ ባልደረቦቹ በ2010 እና በ2011 ባሳተሟቸው ሙከራዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። የድረ ገጽ ማስታወቂያ እንዲነድፉ ከታዘዙት መካከል ብዙ አማራጮችን ጎን ለጎን ሠርተው አስተያየት የተቀበሉት፣ አንዱን ብቻ ደጋግመው ካሻሻሉት ይልቅ ብዙ ሰው የነካው ማስታወቂያ አወጡ። ጥንድ ሆነው ሲሠሩም ለባልደረባ በርካታ ንድፍ ያሳዩት፣ አንዱን ብቻ ካሳዩት የተሻለ ውጤትና የተሻለ መግባባት ነበራቸው።

ስለ መታየትና ስለ አማራጭ የተጠኑትን ሁለቱን ስናጋጥማቸው ለሥራው ሥርዓት ይወጣል። ሐሳብ ሲጠነሰስ ለብቻ፣ በግል ፋይል፣ በሻካራ ንድፍ። ሲጋራ ቢያንስ ሦስት አማራጭ ይዞ። አንዱ ሲመረጥ ግን ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ።

በአማርኛ ሲሞከር

የጋራ ፕሮቶታይፕ ለኢትዮጵያ ዲዛይነር ያለው ትልቁ ጥቅም ከባሕር ማዶ የተቀዳ ልማድ የሚጋለጥበት መሆኑ ነው። ዝግጁ የቀን መምረጫ 12 ወር ይዞ ይመጣል፤ ጳጉሜ ግን 13ኛ ናት፣ ያውም 5 ወይም 6 ቀን ብቻ። «ነገ 2 ሰዓት» የሚል ቀጠሮ ለተጠቃሚው ጠዋት ነው፣ ለሶፍትዌሩ ግን ሌሊት ወይም ከቀትር በኋላ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን የአባቱን ስም ይጻፍ ወይስ የአያቱን ለሚል ሰው መልስ የለውም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ዲዛይኑ በላቲን መሙያ ጽሑፍ ተሠርቶ አማርኛው በመጨረሻ ሲገባ መስመሩ ይጣበባል፣ ቃሉም ከቁልፉ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ኮድ ሳይጻፍ በፕሮቶታይፕ ላይ መታየት ይችላል፤ ዳሩ ግን የሚሞክረው ሰው ዲዛይነሩ ራሱ ከሆነ አይታይም።

ስንት ሰው ይበቃል? ተመራማሪዎቹ ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 ባወጡት ስሌት መሠረት አንድ ሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያገኛል፤ ከዚህ ተነስቶ ኒልሰን አምስት ሰዎች 85 በመቶ ያህሉን ያጋልጣሉ ብሏል። ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሩ እንደ ሥራው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ቢሆንም በዜሮና በአምስት መካከል ያለው ልዩነት በአምስትና በሃምሳ መካከል ካለው ይበልጣል።

አንድ ስጋትም አለ። አዶቤ በመስከረም 2022 ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪዎች ውድድሩ ያሳስበናል በማለታቸው በታኅሣሥ 2023 ውሉ ፈረሰ፤ አዶቤም 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። ኢንቪዥን በ2024 መጨረሻ አገልግሎቱን ዘጋ። ሥራው በሰው ሰርቨር ላይ የሚኖር ባለሙያ ቅጂውን በራሱ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ሰርቨሩ በሁለት ቀለሞች መካከል ይፈርዳል፤ በሁለት ሐሳቦች መካከል መፍረድ ግን የሰዎቹ ድርሻ ነው። ስለዚህ መተግበሪያ የምታሠሩ ድርጅቶች፣ የምትነድፉ ወጣቶች፦ ሊንኩን ለአለቃ ከመላካችሁ በፊት ሦስት አማራጭ አዘጋጁ፤ ኮድ ከመጻፉ በፊትም ስልኩን ለአምስት ተጠቃሚዎች ስጡና እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተመልከቱ።