በዲኤንኤ ውስጥ የሚቀረው ቫይረስ

የሰው ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን በሚሆኑ የኬሚካል ፊደላት የተጻፈ ነው። ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝዘው ክፍል ከዚህ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጥም። ግማሽ የሚጠጋው ግን ራሱን እያባዛ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር የኖረ ተንቀሳቃሽ የዘረመል ቁራጭ ወይም የዚያ ቅሪት ነው። እንዲህ ያሉ ቁራጮች መኖራቸውን መጀመሪያ ያስተዋለችው አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክ ነበረች። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የበቆሎ ፍሬ ለምን ዝንጉርጉር እንደሚሆን ስትመረምር ነው የደረሰችበት። ብዙዎች ለዓመታት ተጠራጠሯት፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው።

በሰው ውስጥ ከእነዚህ ቁራጮች ዋነኛው ላይን-1 ይባላል። ከ500,000 በላይ ቅጂዎች አሉት። አብዛኞቹ ተሰባብረው የቀሩ ናቸው፤ ዛሬም መንቀሳቀስ የሚችሉት በአንድ ሰው ውስጥ 100 ቢሆኑ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ሄግ ካዛዚያንና ባልደረቦቹ ደማቸው ቶሎ የማይረጋ 240 ሕሙማንን ሲመረምሩ፣ በሁለቱ ላይ ላይን-1 ደም በሚያረጋው ዘረመል መካከል ገብቶ እንዳበላሸው አገኙ። የራስ ዲኤንኤ ቁራጭ ቦታ ቀይሮ በሽታ እንደሚያመጣ በሰው ላይ የታየው ያኔ ነው።

ህዋስ ከእነዚህ ቁራጮች ራሱን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲሌሽን ነው። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን የያዘ ሜቲል የሚባል ቅንጣት ሳይቶሲን በተባለው ፊደል ላይ ይለጠፋል። የፊደላቱ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ ምልክት የበዛበት ክፍል ግን አይነበብም። በካንሰር ህዋሳት ውስጥ ይህ ምልክት በብዙ ቦታ እንደሚሳሳ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ምልክቱ ሲሳሳ ጸጥ ብለው የነበሩ ቁራጮች ይነቃሉ።

ከሰው ዲኤንኤ 8 በመቶ የሚሆነው በጥንት ዘመን ቅድመ አያቶቻችንን የያዙና ከዘር ወደ ዘር የተላለፉ ሬትሮቫይረሶች ቅሪት ነው። ኤችአይቪም ከዚሁ ወገን ነው። የዘር መመሪያው የተጻፈበትን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል፤ ከዚያም ኢንቴግሬዝ በተባለ ኢንዛይም የህዋሱን ዲኤንኤ ቆርጦ ቅጂውን ይሰካል። ከላይን-1 ጋር ሲነጻጸር ኤችአይቪ ከውጭ የመጣና ከህዋስ ወደ ህዋስ መሻገር የሚችል ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ የኤችአይቪ ስርጭት በጋምቤላ ይበልጥ ይከብዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከአዋቂዎች 0.9 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ሲያሳይ፣ በጋምቤላ ክልል ቁጥሩ 4.8 በመቶ ነበር፤ ከአዲስ አበባው 3.4 በመቶም ይበልጣል። የወንዶች ግርዛት በክልሉ ከሌላው አካባቢ ያነሰ መሆኑ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ግርዛት ወንዱ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና። ቫይረሱ ራሱ ግን በክልሉ ከሌላው ቦታ የተለየ ጠባይ የለውም።

በኢትዮጵያ የኤችአይቪ መድኃኒት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ኪኒን ሦስት መድኃኒት በአንድ የያዘ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን ያግዳሉ፤ ዶሉቴግራቪር ደግሞ መሰካቱን ይከለክላል። በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ በዚህ ደረጃ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። አስቀድሞ የተሰካው ቅጂ ግን አይነቀልም። ሲዲ ፎር በተባሉ ረጅም ዕድሜ ባላቸው ነጭ የደም ህዋሳት ውስጥ ሳይነበብ ይተኛል፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥም በሳምንታት ውስጥ ይነሣል። «ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) አይታይም» የተባለ ሰው ድኛለሁ ብሎ ኪኒኑን ቢተው የሚያገረሽበት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን እንቅልፍ የሚያመጣው ሜቲሌሽን ይሆን? በ2009 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች በላቦራቶሪ ህዋሳት የቫይረሱ ማስነሻ ክፍል በሜቲል ሲሸፈን ዝም እንደሚል አሳይተዋል። በሕሙማን ህዋሳት ላይ የተደረጉ አንዳንድ ምርመራዎች ግን ምልክቱን በጥቂቱ ብቻ አገኙ። ስለዚህ ሜቲሌሽን ከአስተኚዎቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖችና ሌሎችም ድርሻ አላቸው። ተመራማሪዎች በሁለት ተቃራኒ መንገዶች እየሞከሩ ነው፦ አንዱ ቅጂውን ቀስቅሶ ማጥፋት፣ ሌላው ለዘለቄታው እንዲተኛ ማድረግ።

ቫይረሱ የያዘውን ሰው ሜቲሌሽንም ይነካል። ምልክቶቹ ከዕድሜ ጋር በሚታወቅ ሥርዓት ስለሚለዋወጡ የሰውነትን እርጅና መለኪያ ሆነዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ በደማቸው የኖረ ሰዎች በዚህ መለኪያ አምስት ዓመት ገደማ አርጅተው እንደሚታዩ አስረድቷል።

ላይን-1ም ለመባዛት የአርኤንኤ ቅጂውን ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ አለበት፤ ላሚቩዲን ይህንንም ያግዳል። በዚህም የተነሣ ለኤችአይቪ የተሠራው መድኃኒት በእርጅና ጥናት በአይጦች ላይ፣ በአንጀት ካንሰር ደግሞ በሕሙማን ላይ ተሞክሯል። በካንሰሩ ሙከራ ከተሳተፉት 32 ሕሙማን በ9ኙ በሽታው ለጊዜው ሳይስፋፋ ቆይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱም ለካንሰር ሕክምና ገና አልተፈቀደም።