የሚስት ፊርማ በንግድ ውል ላይ ስላለው ዋጋ

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ሚዛኑን፥ ዓይነቱንና ዋጋውን አጣርቶ ይረከባል። በዱቤ ሲሸጥም የተበዳሪውን ጠባይ ከሚያውቁት ሰዎች ይጠይቃል። ዳሩ ግን ባለዕዳው ባለ ትዳር እንደ ሆነ፥ በውሉ ላይ ያረፈው አንድ ፊርማ ቤቱን በሙሉ የሚያስር መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ጥቂት ነው። ይህም ጉዳይ የኅብረተሰብ ኑሮ ተመራማሪዎች ከሚያጠኑት አንድ ዐቢይ ጥያቄ ጋራ የተያያዘ ነው። ጥያቄው፥ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ገቢና ያነሰ ሀብት የሚኖራቸው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። ለመልሱ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በአገራችን በኢትዮጵያ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ፥ የጋራ ሀብቱን የማስተዳደር ሥልጣን በአብዛኛው ለእርሱ ሰጥቶ ነበር። ከተጋቢዎቹ አንዱ ሌላው በያዘው ሥራ ላይ ለትዳሩ ጥቅም ሲል ተቃውሞ ማቅረብም ይችል ነበር። ቃሉ ለሁለቱም እኩል የተነገረ ቢመስልም፥ አለቅነቱ የባል በሆነበት ቤት ተቃውሞው የሚከብደው በሚስት ላይ ነበር። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችል ስለ ነበረም፥ ትምህርቷን ሳትጨርስ ወደ ትዳር የምትገባበት በር ክፍት ነበር።

በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥርዓት ለወጠ። ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት አገኙ፤ የጋራ ሀብታቸውንም በአንድነት እንዲያስተዳድሩ ታዘዘ። አንዱ ሌላውን ከሥራ የሚከለክልበት ሥልጣን ቀረ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም ወደ 18 ዓመት ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፥ ለውጡ በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። አዲስ አበባ፥ ድሬዳዋና አንዳንድ ክልሎች ቀደሙ፤ ሌሎቹ ዘገዩ።

ይህ መቀዳደም ለተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ሆነላቸው። ሜሪ ሆልዋርድ-ድሪማየርና ኡስማን ጋጂጎ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ውጤቱን በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) አሳትመዋል። መንገድና ትምህርት ቤት ሲስፋፋ የሴቶች ሥራ በየትኛውም ስፍራ ሊጨምር ይችላልና፥ ጭማሪው ብቻውን የሕጉን ፍሬ አያሳይም። ስለዚህ ሕጉ ከመሻሻሉ ቀደም ብሎና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ከቤተሰቦች የተሰበሰበውን መረጃ ይዘው፥ ሕጉ ቀድሞ የተሻሻለባቸውን ስፍራዎች ገና ካልተሻሻለባቸው ጋራ አስተያዩ። ሕጉ በተሻሻለባቸው ስፍራዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠሩ፥ የተማረ ሠራተኛ በሚፈለግባቸው፥ ደመወዝ በሚከፈልባቸውና ሙሉ ጊዜ በሚጠይቁ ሥራዎች የመሠማራታቸው ነገር በልጦ ተገኘ።

ይህ አዋጅ ለማንም ብድር የሚሰጥ፥ ለማንም ሱቅ የሚከፍት አልነበረም። በቤት ውስጥ የነበረውን የሥልጣን አከፋፈል ቢለውጥ የሥራው ገበያ ተለወጠ። ከዚህም፥ የሴቶች ገቢ ማነስ በከፊል ከችሎታ ሳይሆን ማን ይወስናል ከሚለው ሥርዓት የሚመነጭ መሆኑን ለመረዳት ይቻላል።

ነጋዴውን በቅርብ የሚነካው የዚሁ አዋጅ 68ኛ አንቀጽ ነው። ሌላ ሕግ የተለየ ነገር ካልደነገገ በቀር፥ የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፥ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፥ ለማበደር ወይም በዚሁ መጠን ለሰው ዋስ ለመሆንም እንዲሁ ነው። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን የገንዘብ ዋጋ ስለ ወረደ፥ ነጋዴዎች ከሚዋዋሉት ብድርና ዋስትና ከዚህ መጠን በታች የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ያልተስማማው ተጋቢ ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፥ ቢዘገይም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፥ ግዴታው እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። በአንጻሩ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ከጋራ ሀብቱም ከሁለቱም የግል ሀብት ሊጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ባለ ሱቁም አስመጪውም ላኪውም ከፍ ያለ ብድርና ዋስትና ሲዋዋሉ፥ ተዋዋዩ ያገባ መሆኑን መጠየቅ፥ የትኛው ክልል ሕግ እንደሚገዛው ማረጋገጥና የሁለቱንም ፊርማ መቀበል ይገባቸዋል። ፊርማውንም የሚሰጡት ሁለቱ ውሉን አንብበው ወይም ተነቦላቸው ከተረዱት በኋላ ይሁን። ሚስት ሳትጠየቅ ቤቷ በመያዣ ቢሰጥ፥ እርስዋ መኖሪያዋን ለማጣት ትሠጋለች፤ አበዳሪውም ገንዘቡን በክርክር ያሳልፋል። እርስዋ ተጠይቃ ከፈረመች ግን ሁለቱም የሚተማመኑበት ውል ይኖራቸዋል።