ሥሩ በውኃ ውስጥ ሳለ የሚጠማ አትክልት
ያለ አፈር በሚካሄድ እርሻ ስለ ጨው መከማቸት

ከቀትር በኋላ ወደ አትክልቱ ቦታ የገባ ሰው ሰላጣው ጠውልጎ፣ የቅጠሉም ዳር እንደ ተጠበሰ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ቢያገኘው፣ በመጀመሪያ የሚያስበው ውኃ ጐድሎበት ይሆናል ብሎ ነው። የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ ሲያይ ግን ውኃው አልጐደለም፤ ሥሩም በውኃው ውስጥ ተዘፍቋል። እንግዲያው ምግብ አንሶታል ይልና ማዳበሪያ ይጨምርበታል። በማግሥቱ አትክልቱ ከቀድሞው ይልቅ ይከፋል፤ ሰውዬውም እንደ ገና ይጨምራል። በዚህ ዓይነት የወር ድካሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከንቱ ይሆናል።

ሃይድሮፖኒክስ የተባለው ያለ አፈር አትክልት የማብቀል ጥበብ ጠባብ ቦታና ጥቂት ውኃ ላላቸው ሰዎች ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1937 በጽሑፍ ያስታወቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዊሊያም ጌሪክ ናቸው። በማግሥቱ ዓመት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሆግላንድና አርኖን መመሪያ ባሳተሙ ጊዜ፣ የውኃ እርሻ ከለም አፈር እጅግ የበለጠ ምርት ይሰጣል የሚለውን ወሬ አልተቀበሉትም። ይህን ማንሣታችን ሥራውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ አፈር ብዙ ስሕተት ችሎ የሚያሳልፍ ሲሆን በርሜል ግን ስሕተትን ወዲያው የሚያጋልጥ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

የነገሩ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ማዳበሪያ ራሱ የጨው ዓይነት ነው። ውኃም ሁልጊዜ ጨው ወደ በዛበት ወገን ይሳባል። ሥር ውኃ ለመጠጣት የሚችለው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከውጭው ይልቅ የበረታ ሲሆን ነው፤ የውጭው ውኃ ጨው ሲበዛበት ግን የሥሩ የመሳብ ኃይል ይደክማል። ለቋንጣ ሥጋ በጨው ያሸች እመቤት ውኃው እየወጣ ሲንጠባጠብ ስላየች ይህን ለመረዳት አትቸገርም። ከዚህም በቀር ውኃ እንደ ልብ ሳይሳብ ሲቀር ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ለጋው ቅጠልና ወደ ፍሬው ጫፍ አይደርስም። የሰላጣ ቅጠል ዳሩ የሚቃጠለው፣ የቲማቲም ፍሬም ከታች በኩል የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ጨዉ ከወዴት ይመጣል? 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አለን እንበል። አትክልቱ በየቀኑ 20 ሊትር ይጠጣል፤ የምንተካውም የጉድጓድ ውኃ በእያንዳንዱ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለበት። አትክልት ሶዲየምን የሚወስደው በጣም ጥቂት ስለ ሆነ፣ በየቀኑ 1 ግራም ያህል በበርሜሉ ውስጥ ይቀራል። በ30 ቀን 30 ግራም ይሆናል። መጀመሪያ ከነበረው ጋር ሲደመር በአንድ ሊትር 200 ሚሊ ግራም፣ ማለት የመጀመሪያው አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የደረሰው አንድ እፍኝ ማዳበሪያ እንኳ ሳይጨመር ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ሶዲየም የበዛባቸው ስለ ሆኑ፣ በቀይ ባሕር ዳርም የባሕሩ ውኃ ወደ ጉድጓድ ስለሚሰርግ፣ በእነዚህ አገሮች ሥራውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ውኃውን ማስመርመር ይገባዋል።

በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ የጥጥ እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የደረሰው ጉዳት የዚሁ ዘመድ ነው። በቂ መፋሰሻ ሳይበጅ መስኖ ሲለቀቅ የከርሠ ምድሩ ውኃ ከፍ እያለ ጨዉን ወደ ላይ አወጣው፤ ብዙ መሬትም ከእርሻ ውጭ ሆነ። በዚያ ዓመታት የፈጀው ነገር በበርሜል ውስጥ በሳምንታት ይፈጸማል።

ለመቈጣጠር የሚያስችለው መሣሪያ ውኃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መጠን የሚለካው ትንሽ መለኪያ ነው። በሚሊ ሲመንስ በሳንቲ ሜትር ሲቈጠር ለሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.8፣ ለኪያር ከ1.7 እስከ 2.5፣ ለቲማቲም ከ2 እስከ 4 ያህል ይስማማል። ቲማቲም ጨው በመጠኑ ሲበዛበት ፍሬው ቢያንስም ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ፣ አንዳንድ አትክልተኞች ሆን ብለው ያበዙበታል፤ ፎሶሊያና እንጆሪ ግን ይህን አይችሉም። በሚሊ ግራም የሚያሳዩ መለኪያዎች ሁለት ዓይነት አቈጣጠር ስላላቸው መጠንቀቅ ያሻል፤ 2 ሚሊ ሲመንስ የሆነውን ውኃ አንዱ 1,000፣ ሌላው 1,400 ይለዋል። ዋናው ጉድለታቸው ግን የጨዉን ብዛት እንጂ ዓይነቱን አለመናገራቸው ነው። አትክልቱ ናይትሬቱን በልቶ ሶዲየሙን ቢተው፣ ቍጥሩ ያው ሆኖ ምግቡ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ በሞቃት ቀን ውኃው ጐድሎ ቍጥሩ ከፍ ካለ የሚጨመረው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ ማዳበሪያ የሚጨመረው ቍጥሩ ዝቅ ሲል ነው። ቍጥሩ ደኅና መስሎ ቢታይ እንኳ በርሜሉን በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ፈጽሞ ባዶ አድርጎ እንደ ገና መበጥበጥ ይገባል። በጠጠር ወይም በኮኮናት ቃጫ ላይ የሚተክሉ ሰዎች ደግሞ፣ ከሚያጠጡት ከመቶ 20 እስከ 30 እጁ ከታች እንዲፈስ ማድረግ አለባቸው። በጠጠሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ የማጠቡ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ፖታሲየም ሲገዛም ከክሎራይዱ ይልቅ ናይትሬቱ ወይም ሰልፌቱ ይመረጣል፤ ክሎራይዱ በዋጋ ቢረክስም የማይፈለግ ጨው ያስገባል።

ከሁሉ የሚሻለው ውኃ ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ ጨው የለበትም ለማለት ያህል ነው። በአዲስ አበባ በሐምሌ ወር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 40 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ በዚያ አንድ ወር 8,000 ሊትር ያህል ይቀበላል፤ ጥቂት ቢባክንም የተረፈው ከጉድጓዱ ውኃ ጋር እኩል ቢቀላቀል የጨዉን መጠን በግማሽ ያወርደዋል። የሚደፋው አሮጌ ውኃ ናይትሬት ስላለበት ወደ ወንዝ አይለቀቅም። ጨው በመጠኑ ለሚችሉት ለቀይ ሥርና ለቆስጣ መደብ፣ ቦታውን እያፈራረቁ፣ ክረምት በሚያጥበው ስፍራ ቢያጠጡት መልካም ነው።