ቢሊዮኑ ስንት ነው?

ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ አገኘሁ ብሎ ነበር። በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ደረስኩ አለ፤ በአንድ ዓመት የ73 በመቶ ገደማ ጭማሪ መሆኑ ነው። በዚያው ጊዜ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እናት ኩባንያ ከናይሮቢ ባወጣው የግማሽ ዓመት ሪፖርት የብር መዳከም የቡድኑን ትርፍ ክፉኛ እንደጎዳው ገለጸ። የመጀመሪያውን ዜና የሰማ ሰው «ተመነደጉ» ይላል፤ ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ «ጠቅልለው ሊወጡ ነው» ይላል። ሁለቱም ድምዳሜዎች የተቻኮሉ ናቸው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ቁጥሮች ያለፉት በአንድ በር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ74 ብር አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ በጀት ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ከ130 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ በብር የሚነገር ማንኛውም የኩባንያ ቁጥር፣ ብሩ ራሱ ምን ያህል እንደተለወጠ አብሮ ካልተነገረ፣ ግማሽ ዜና ነው። የሚሰፈርበት ቁና ሲያንስ የስፍሩ ቁጥር ይበዛል፤ ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

እስቲ የኢትዮ ቴሌኮምን ቁጥር እንበትነው። ገቢ ማለት የተሸጠው መጠን በዋጋው ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ትርፍ ገና አይደለም። የኩባንያው ደንበኞች በዓመቱ ከ78.3 ሚሊዮን ወደ 83.2 ሚሊዮን ከፍ ብለዋል፤ ስድስት በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ 73 በመቶው ከየት መጣ? ከፊሉ እያንዳንዱ ደንበኛ ከበፊቱ የበለጠ ዳታ ስለሚጠቀምና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ስለተስፋፋ ነው፤ ይህ ሥራ ነው፣ የሚመሰገንም ነው። ከፊሉ የታሪፍ ማስተካከያ ነው። ከፊሉ ደግሞ የምንዛሪው ሥራ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ ወደ አገር ቤት ሲደወል፣ ጥሪውን እዚህ ተቀብሎ ለሚያደርሰው ኩባንያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። አምና 1,000 ደቂቃ አውርታ የነበረች እናት ዘንድሮም 1,000 ደቂቃ ብታወራ፣ የዶላሩ ክፍያ ሳይነካ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ብር ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ ጭማሪ አንድም ምሰሶ አልተተከለም፤ ቁጥሩ ግን ከሌላው ዕድገት ጋር ተደምሮ ነው ዜና የሚሆነው።

በዚህ ላይ የዋጋ ንረት አለ። በ2016 ማብቂያ 20 በመቶ ገደማ የነበረው ዓመታዊ ንረት ከዓመት በኋላ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። በመሃል ያለውን 15 በመቶ ብንይዝ፣ የ2017ቱ 162 ቢሊዮን ብር በ2016 የመግዛት አቅም ሲለካ 141 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ዕድገቱም ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። በዶላር ደግሞ እንየው። 93.7 ቢሊዮኑ በ56 ብር ሂሳብ 1.67 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። 162 ቢሊዮኑ በዓመቱ አማካይ፣ በ120 ብር ሂሳብ ብንወስደው፣ 1.35 ቢሊዮን ዶላር ነው። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ገቢ፤ መልሱ ግን ሦስት ነው፦ በ73 በመቶ አደገ፣ በ50 በመቶ አደገ፣ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። ሦስቱም የሂሳብ ስሌቶች ትክክል ናቸው። ጋዜጣው ላይ የምትወጣው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ናት።

«ሕዝቡ ዶላር አይበላም፤ ደመወዙም የስልክ ካርዱም በብር ነው፤ በዶላር መለካት ምን አመጣው?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። የአንድ ጸጉር ቤት ወይም ሻይ ቤት ገቢ በዶላር ቢለካ ትርጉም የለውም፤ ለእነሱ ትክክለኛው መለኪያ የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። ቴሌኮም ግን ማማው፣ አንቴናው፣ ሰርቨሩና ሶፍትዌሩ ከውጭ የሚመጣ ሥራ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2013 ኔትወርኩን ያስፋፋው ሁዋዌና ዜድቲኢ በአቅራቢ ብድር ባቀረቡት 1.6 ቢሊዮን ዶላር እንደነበር ይታወሳል። ነገ ኔትወርኩን ለማደስ ሲነሳም ሂሳቡ የሚመጣለት በዶላር ነው። ስለዚህ ኩባንያው ለሠራተኛው ምን ያህል መክፈል ይችላል ለሚለው ጥያቄ መለኪያው የዋጋ ንረት ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ኔትወርኩ ይኖራል ወይ ለሚለው መለኪያው ዶላር ነው። የሚለካው ነገር ሲለይ መለኪያውም ይለያል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ተቃውሞ አለ። «57 ብር የሚባለው ድሮውንም የይስሙላ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ዶላር ከ100 ብር አልፎ አልነበረም ወይ?» አዎ፣ አልፎ ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ ሐምሌ 22 ብሩን ያወረደው ቀን ሳይሆን መውረዱ በይፋ የተመዘገበበት ቀን ነው፤ የእኔ የአንድ አምስተኛ ቅናሽም በተጋነነ መነሻ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ተቃውሞውን በከፊል እቀበላለሁ። ዕቃውን በትይዩ ገበያ ዶላር ሲያስመጣ ለነበረ ነጋዴ ለውጡ ያን ያህል ድንገተኛ አልነበረም። ወረፋ ጠብቀውም ሆነ ቅድሚያ ተሰጥቷቸው በይፋዊው ተመን ዶላር ያገኙ ለነበሩት ግን፣ ትልልቆቹ የመንግሥት ድርጅቶችም ከእነዚህ ናቸው፣ 57 ብር እውነተኛ ዋጋ ነበር፤ ከፍለውበታልና። ዋናው ነገር ደግሞ የሂሳብ መዝገብ ጥቁር ገበያን አያውቅም። የሂሳብ ሹሙ በይፋዊው ተመን ከመመዝገብ ውጪ አማራጭ አልነበረውም። ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረው ልዩነት በአንድ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ተዘረገፈ ማለት ይህ ነው።

የኪሳራው ዜና እንዴት እንደሚወለድ ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ትልልቅ ድርጅቶች መዝገባቸውን የሚያዘጋጁት በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ነው። ደረጃው በውጭ ምንዛሪ ያለ ዕዳ መዝገብ በተዘጋ ቁጥር በዕለቱ ተመን እንዲሰላ፣ ልዩነቱም በትርፍና ኪሳራው ላይ እንዲታይ ያዛል። 100 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ያለበት ኩባንያ እንውሰድ። በ57 ብር ዕዳው 5.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ130 ብር 13 ቢሊዮን ሆነ። የ7.3 ቢሊዮን ብሩ ልዩነት ኪሳራ ተብሎ ይመዘገባል። ካዝናው ውስጥ ግን አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ ዕዳውም ዛሬም ያው 100 ሚሊዮን ዶላር ነው። «እንግዲያውስ የወረቀት ኪሳራ ነው፣ ምን ያስደነግጣል?» የሚል አለ። እሱም ግማሹን ነው ያየው። የመክፈያው ቀን ሲደርስ በብር የሚሸጠው ኩባንያ ያንኑ ዶላር ለመግዛት ከእጥፍ በላይ ብር ማዋጣት አለበት። ታሪፉን በዚያው ልክ መጨመር ከቻለ ኪሳራው ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ካልቻለ ከካዝናው ይወጣል። ስለዚህ የኪሳራ ዜና ሲነበብ ቀጥሎ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ዕዳው መቼ ይከፈላል፣ ከሥራ የተገኘው የጥሬ ገንዘብ ፍሰትስ ምን ይመስላል።

በጣም የሚገርመው ግን የዚህ ሕግ ሌላኛው ገጽ ነው። ዕዳው በዛሬ ተመን ሲታደስ፣ በዚያው ዕዳ የተገዛው ንብረት በተገዛበት ቀን ዋጋ ይቀመጣል። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2021 ለ15 ዓመት ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ በወቅቱ ተመን ቢመነዘር 36 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው፤ ዛሬ ያንኑ ፈቃድ የሚገዛ ሰው በብር ከሦስት እጥፍ በላይ ያወጣል። በተለመደው የአመዘጋገብ ሥርዓት ግን ፈቃዱ በቆመበት ይቆማል። ዕዳው እያበጠ ንብረቱ እንዳለ ስለሚቀር ኩባንያው ከእውነቱ በላይ ደኽይቶ ይታያል። ደረጃው ለዚህ የሚሆን አንድ መውጫ አስቀምጧል፤ የሦስት ዓመት ድምር የዋጋ ንረቱ ወደ 100 በመቶ በተጠጋ አገር ያለ ንብረት በዋጋ መረጃ ጠቋሚ ከፍ ተደርጎ ይቀርባል። ሳፋሪኮምም የኢትዮጵያ ሥራውን በዚህ መንገድ ሪፖርት ሲያደርግ ቆይቷል። አንድ ኩባንያ ሁለት ዓይነት የኪሳራ ቁጥር ሲያወጣ የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ይህ የግዙፎች ጣጣ ብቻ አይደለም። አንድ ማተሚያ ቤት 100,000 ዶላር የሚያወጣ ማሽን በ57 ብር ሂሳብ በ5.7 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል። ማሽኑ አሥር ዓመት ያገለግላል ከተባለ በየዓመቱ 570,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ተብሎ ከገቢው ይቀነሳል። ወረቀት፣ ቀለም፣ ደመወዝና ኪራይ ተከፍሎ ባለቤቱ እጅ አንድ ሚሊዮን ብር ቢተርፍ፣ ከቅናሹ በኋላ ትርፉ 430,000 ብር ነው፤ ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነም 30 በመቶውን፣ ማለትም 129,000 ብር፣ ግብር ይከፍላል። ቀሪውን ለቤቱ ያውላል። ሰላም ይመስላል። ነገር ግን ማሽኑን ለመተካት በ130 ብር ሂሳብ 13 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። በዚህ ዋጋ የዓመቱ እርጅና 1.3 ሚሊዮን ብር ነው፤ ድርጅቱም 300,000 ብር ከስሯል። ባለቤቱ ግብር እየከፈለና ትርፍ እየተካፈለ የሚበላው ማሽኑን ነው። ይህን የሚያውቀው ማሽኑ ሲቆም ነው። የሚገርመው፣ ሂሳቡ ላይ ስህተት የለም፤ ኦዲተር ቢመጣም አያገኝበትም።

ታዲያ መዝገቡ ለምን በዛሬ ዋጋ አይሠራም? ንብረትን በአዲስ ዋጋ አስገምቶ መመዝገብ ለነገሩ ይፈቀዳል። ይሁን እንጂ የተገዛበት ዋጋ ደረሰኝ አለው፤ የዛሬ ዋጋ ግምት ነው። ገማች እየቀጠረ ንብረቱን እንዳሻው የሚያሳብጥ ባለቤት፣ በዚያም ላይ የሚበደር፣ ከአሮጌው ዋጋ የባሰ አደጋ ነው። ስለዚህ ደረሰኙን ይዞ መዝገቡን በትክክል ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ የሚጀምረው የዜና አቅራቢዎች የድርጅቶችን የሕዝብ ግንኙነት መግለጫ፣ ብዙ ጊዜ ኦዲት ያልተደረገ ቁጥር፣ እንዳለ ሲያነቡልን ነው።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ተራው ሰው ምን አገባው» ማለት ድሮ ያስኬድ ይሆናል። አሁን ግን ተራው ሰው ባለቤት ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 አሥር በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሽያጭ ሲያቀርብ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። ሽያጩ ሲጠናቀቅ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተዋል። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። 9,900 ብሩን በባንክ በዝቅተኛው 7 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው ንረቱ 14 በመቶ በነበረበት ጊዜ እየከሰረ ነበር። አክሲዮን የገዛው፣ ኩባንያው ታሪፉን ከንረቱ ጋር ማስኬድ ከቻለ፣ የተሻለ መጠለያ አለው። ይህን የሚያውቀው ግን «ገቢው 162 ቢሊዮን ደረሰ» በሚለው አይደለም። የተጣራው ትርፍ ለአንድ ቢሊዮኑ አክሲዮን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰ፣ ከዚያስ ስንቱ በእጅ ተከፈለ፣ እርጅናውስ በየትኛው ዓመት ዋጋ ነው የተቀነሰው የሚለውን መጠየቅ አለበት።

ቁጥሩ ቆሞ መለኪያው ሲንሸራተት ሕግም አይተርፍም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ባወጣው መመሪያ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ አዝዞ ነበር። መመሪያው ሲወጣ 5 ቢሊዮን ብር 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ብዙዎቹን ባንኮች ለመዋሃድ ወይም አዲስ ባለአክሲዮን ለመፈለግ የሚያስገድድ ትልቅ አጥር። በ130 ብር ሂሳብ ያው አጥር ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ወርዷል። ባንኮች የሚያበድሩት በብር ስለሆነ የዶላሩ ስሌት ሙሉውን አይናገርም፤ ተበዳሪው ለዚያው ፋብሪካ የሚጠይቀው ብር ግን አብሮ ጨምሯል፣ የአንድ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ የማበደር አቅም ደግሞ በካፒታሉ የተገደበ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን ሕግ በ2017 ማጽደቁም ጉዳዩን የበለጠ ያከብደዋል፤ የሚመጡት ባንኮች ካፒታላቸውን የሚቆጥሩት በብር አይደለም።